«ልጆቼን ካላሳየችኝ ገንዘብ ባቆም ምን አለበት?»

ጥያቄ፦ «ከባለቤቴ ጋር ከተጋባን 9 ዓመታችን ነው። የ8 ዓመት ሴት ልጅና የ4 ዓመት ወንድ ልጅ አሉን። የምንኖረው አዲስ አበባ ነው። ከ5 ወር በፊት ተጣልተን ልጆቹን ይዛ እናቷ ቤት ገባች። በየወሩ 12,000 ብር በቴሌብር እልክላት ነበር። ልጆቹን ማየት ስትከለክለኝ ግን አቆምኩ፤ 2 ወር ሆነኝ። አሁን የፍቺ አቤቱታ አስገብታለች፤ ቀጠሮው ከ3 ሳምንት በኋላ ነው። የኮንዶሚኒየሙ ዕጣ የወጣልኝ ከመጋባታችን በፊት ነው፤ ካርታውም በስሜ ነው። እሷ የመጀመሪያ ልጃችን ከተወለደች ጀምሮ ሥራ የላትም። ወንድሜ ያበደረኝ 150,000 ብር አለብኝ፤ ውል ግን የለንም። ዕቁቤም በቅርቡ ይደርሰኛል። ሽማግሌዎች ‹አንተ ልጆቹን ልቀቅላት፣ እሷ ቤቱን ትልቀቅልህ› ብለው ወረቀት ጽፈዋል፤ ገና አልፈረምንም። ጓደኞቼ ደግሞ መኪናዋን በወንድሜ ስም አዙራት ይሉኛል። ምን ላድርግ?»

መልስ፦

ከመጨረሻው ልጀምር። መኪናዋን አያዙሩ። የሽማግሌዎቹን ወረቀት እንደተጻፈ አይፈርሙ። ያቆሙትን ገንዘብ ደግሞ ነገ ሳይሉ ይላኩ። አሁን ምክንያቱን ልንገርዎት።

ጠበቃ ነኝ። በአዲስ አበባ የቤተሰብ ችሎቶች ስመላለስ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። እዚያ ኮሪደር ላይ በየቀኑ የምሰማት አንዲት ነገር አለች። «እሷ ይህን ካላደረገች እኔም ያንን አላደርግም።» ልጅ ካላሳየች ብር የለም። ብር ካልላከ ልጅ አያይም። ቤቱን ካልለቀቀ ፊርማ የለም። ሰው ሁሉንም ነገር አንድ ፌስታል ውስጥ ከትቶ ይመጣል። ፍርድ ቤቱ ደግሞ መጀመሪያ የሚያደርገው ፌስታሉን መፍታት ነው። ፍቺው ለብቻው፣ ልጆቹ ለብቻቸው፣ ንብረቱ ለብቻው። ይህ ያልገባው ባለጉዳይ ሦስቱንም ያበላሻል።

የእርስዎ ጉዳይ የሚታየው በተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 213/1992 ነው። አዲስ አበባና ድሬዳዋ የሚሠራው እሱ ነው። ክልሎች የየራሳቸውን የቤተሰብ ሕግ አውጥተዋል። ባሕር ዳር ወይም አዳማ ሆናችሁ ይህን የምታነቡ ካላችሁ፣ የአንቀጽ ቁጥሩን ከክልላችሁ ሕግ አመሳክሩ።

ፍቺውን ቶሎ ልለፈው፤ ብዙ የሚያከራክር ነገር የለውም። ባለቤትዎ ለምን መፋታት እንደፈለገች ምክንያት እንድታቀርብ አትገደድም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የፍቺን ምክንያት ከባድ ነው፣ አይደለም እያለ ይመዝን ነበር፤ ያ ቀርቷል። ችሎቱ መጀመሪያ እንድትታረቁ ይመክራችኋል። እናንተ የመረጣችኋቸው ሽማግሌዎች እንዲያነጋግሯችሁ ሊያደርግ ይችላል። ከ3 ወር ያልበለጠ የማሰላሰያ ጊዜም ሊሰጥ ይችላል። ከዚያ በኋላም አንዳችሁ «አልፈልግም» ካለ ፍቺው ይወሰናል። «አልፈታም» ብሎ መከራከር የጠበቃ ኪስ መሙላት ነው። እኔ ጠበቃ ሆኜ ስናገረው ይመኑኝ።

አንድ ነገር ግን ልብ ይበሉ። በድሮው ሕግ ፍቺ የሚወስኑት የቤተሰብ ሽማግሌዎች ነበሩ። ከአዋጁ ወዲህ ሽማግሌ ያስታርቃል እንጂ አያፋታም። ፍርድ ቤት እስኪወስን ድረስ፣ በተለያየ ጣራ ሥር ብታድሩም ባልና ሚስት ናችሁ። ይህ ለዕቁቡ ጉዳይ ትርጉም አለው፤ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ ልጆቹ። ንዴትዎ ይገባኛል። ልጅን አለማየት ያማል። ግን ቀለብ ለባለቤትዎ የሚከፈል ደሞዝ አይደለም፤ የልጆቹ መብት ነው። ምግባቸው፣ መጠለያቸው፣ ልብሳቸው፣ ሕክምናቸው፣ ትምህርታቸው ነው። እናት አጠፋች ተብሎ ልጅ ከትምህርት ቤት አይቀርም። ዳኛ ፊት ቆመው «ስላላሳየችኝ አቆምኩ» ቢሉ መዝገቡ ላይ የሚቀረው አንድ ነገር ነው፤ አባት ገቢ እያለው ለ2 ወር ልጆቹን አልረዳም። የእሷ ጥፋት ተረሳ፣ የእርስዎ ተጻፈ ማለት ነው።

ይህን ለእናቶችም እላለሁ። «ካልከፈለ አላሳይም» ተመሳሳይ ስህተት ነው። ልጅ ወላጆቹን የማወቅና የእነሱን እንክብካቤ የማግኘት መብት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ላይ ተጽፏል። ያልከፈለ አባት በአፈጻጸም ይጠየቃል። ፍርድ ቤት ለመሥሪያ ቤቱ ጽፎ ከደመወዙ ያስቆርጣል። የወንጀል ሕጉም ቀለብ የሚነፍግን ሰው ይቀጣል። ልጅን ደብቆ ብር ማስከፈል ግን የትኛውም ሕግ ላይ የለም። ደግሞ ቀለብ የምትጠይቁ ሰዎች አትዘግዩ። በ3 ወር ውስጥ ያልተጠየቀ ውዝፍ ቀለብ፣ ለኑሮ የግድ ያስፈልግ እንደነበር ካላስረዳችሁ ሊቀር ይችላል።

ታዲያ እርስዎ ምን ያድርጉ? የመጨረሻውን ፍርድ መጠበቅ የለብዎትም። የአዋጁ አንቀጽ 82 የፍቺ አቤቱታ እንደቀረበ ፍርድ ቤቱ ወዲያውኑ ትእዛዝ እንዲሰጥ ይላል። ልጆቹ ከማን ጋር ይቆዩ? ቀለባቸው ስንት ይሁን? ባልና ሚስቱ በምን ይተዳደሩ? ንብረቱን ማን ያስተዳድር? ይህ ጊዜያዊ ትእዛዝ ነው። ብዙ ባለጉዳይ አይጠይቀውም። ወይ አያውቀውም፣ ወይ ጠበቃው ስለ ቤቱ ሲያስብ ይረሳዋል። እኔ ግን ለልጆች ከሙሉው ክርክር ትልቁ ቀን ያ ነው እላለሁ። ፋይሉ ወራት ይፈጃል። በእነዚያ ወራት የተለመደው ኑሮ በኋላ «ልጆቹ የለመዱት» ይባላል። ዳኛ ደግሞ ልጅን ከለመደበት መንቀል አይወድም፤ አይፈረድበትም።

ስለዚህ በመጀመሪያው ቀጠሮ በጽሑፍ ይጠይቁ። «ልጆቼን ማየት እፈልጋለሁ» ብቻ አይበቃም። «በየሁለት ሳምንቱ ከቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት እስከ እሁድ 11 ሰዓት» ብለው ይጻፉ። ገና ከማን ጋር፣ ፋሲካ ከማን ጋር? ክረምት ትምህርት ሲዘጋ ስንት ሳምንት? በስልክ የሚያወሩት ስንት ሰዓት ላይ ነው? ያልተጻፈ ሰዓት በየሳምንቱ አዲስ ጠብ ይወልዳል።

የርክክብ ቦታም ይጻፍ። «ፖሊስ ጣቢያ ይሁን» የሚሉ አሉ። ድብደባ ወይም ማስፈራራት ካለ እሺ፣ ጥበቃ ግድ ይላል። እንደ እናንተ ዓይነት ኩርፊያ ላይ ግን እባክዎ አይበሉት። የ4 ዓመት ልጅ አባቱን ባየ ቁጥር ፖሊስ ካየ ስለ አባቱ ምን ያስባል? የአክስት ቤት፣ የትምህርት ቤት በር ወይም ሁለታችሁም የምታከብሯቸው ጎረቤት ይሻላል።

«ለምን እኔ አላሳድጋቸውም?» ብለው አስበው ይሆናል። መጠየቅ ይችላሉ። አንቀጽ 113 የሚለው ፍርድ ቤቱ የወላጆችን ገቢ፣ ዕድሜ፣ ጤናና የአኗኗር ሁኔታ፣ የልጆቹንም ዕድሜና ጥቅም ይመልከት ነው። «ከ5 ዓመት በታች ያለ ልጅ ለእናት ነው» የሚባለው ነገር ከ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የመጣ ነው። አዲሱ ሕግ ውስጥ የለም። እውነቱን ልንገርዎት ካሉ ግን፣ እኔ እንዳየሁት ትንንሾቹ አብዛኛውን ጊዜ እናት ጋ ይቆያሉ። ዳኞቹ የድሮውን ሕግ ስላልረሱ አይመስለኝም። ጥያቄው ልጁን በየቀኑ ማን ያሳድገው ነበር የሚል ስለሆነ ነው።

ፍርድ ቤቱ የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያ ሊመድብ ይችላል። ባለሙያው ቤታችሁ መጥቶ ያያል፣ ያነጋግራችኋል፣ ሪፖርት ያቀርባል። ጥያቄዎቹ ተራ ናቸው። የልጅዎ የክፍል አስተማሪ ስም ማን ነው? የትንሹ የክትባት ካርድ የት ነው? ለመጨረሻ ጊዜ ሌሊት ሲያተኩሰው ክሊኒክ ማን ወሰደው? ብዙ አባቶች እዚህ ላይ ይንተባተባሉ። እርስዎ የማይንተባተቡ ከሆነ ይጠይቁ። የሚንተባተቡ ከሆነ ሰፋ ያለ የመጎብኘት ሰዓት ቢጠይቁ ይሻልዎታል፤ ያንን የማግኘት ዕድልዎ ሰፊ ነው።

ልጅዎ 8 ዓመቷ ነው፤ ዳኛው ለብቻዋ ሊያነጋግራት ይችላል። አደራዎን እንዳያስጠኗት። የተጠና ልጅ ወዲያው ይታወቃል። «እናቴ የጋራ ንብረታችንን እያሸሸች ነው» የሚል የ8 ዓመት ልጅ የት አለ?

ልጅ የወላጅ ዕቃ አለመሆኑን ለማሳየት ሁሌ የምጠቅሰው አንድ ውሳኔ አለ። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በ2000 ዓ.ም. በመዝገብ ቁጥር 23632 የሰጠው ነው። አባት ነኝና ልጄ ይሰጠኝ የሚል ክርክር ነበር። ልጁ ግን ለዓመታት ያደገው አክስቱ ዘንድ ነው። የሥር ፍርድ ቤቶች ለአባት ፈረዱ። ሰበር ሻረው። ሕገ መንግሥቱንና የሕፃናት መብቶች ስምምነትን ጠቅሶ፣ የሚቀድመው የልጁ ጥቅም ነው አለ። ወላጅ መሆን ብቻውን ካልበቃ፣ ካርታ በስም መያዝማ ልጅን በተመለከተ ምንም አይፈይድም።

ወደ ሽማግሌዎቹ ወረቀት እንሂድ። በመልካም ልብ እንደጻፉት አልጠራጠርም። ጠብ ቶሎ እንዲበርድ ፈልገው ነው። ግን ልጅንና ቤትን በአንድ ሚዛን አስቀምጠዋል። እንዲህ ያለ ስምምነት ፍርድ ቤት ቀርቦ መጽደቅ አለበት። ችሎቱ ስምምነቱ ልጆቹን ወይም አንዳችሁን ይጎዳል ብሎ ካመነ ፍቺውን ብቻ አጽድቆ ሌላውን ራሱ ይወስናል። እናት «ቀለብ አልፈልግም» ብላ ብትፈርም እንኳ ቀለቡ የልጆቹ ስለሆነ እሷ ልትተወው አትችልም። ነገ መጥታ ብትጠይቅ ትሰማለች። «ልጆቹን ልቀቅ» የሚለውም እርስዎ ልጆችዎን የማየት መብትዎን ብቻ አይነካም፤ እነሱ እርስዎን የማየት መብታቸውን ነው የሚወስድባቸው።

ከዓመታት በፊት እንዲህ ያለ ወረቀት የፈረመ ሰው ቢሮዬ መጣ። ቤቱን ወስዶ ልጁን «ለቋል»። 2 ዓመት አልፏል። በእጁ በፌስታል የልጅ ጫማ ይዟል። ለበዓል ሊልክለት ነው። ከፌስታሉ አወጣና «ልኩ ይሆን?» አለኝ። ለእኔ! የልጁን የጫማ ቁጥር አያውቅም። የልጅ አስተዳደግ ውሳኔ ሁኔታ ሲለወጥ ሊሻሻል ስለሚችል ጉዳዩን እንደገና ከፈትነው፣ የመጎብኘት ትእዛዝም አገኘ። ልጁ ግን የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት አባቱን «አንቱ» እያለ ነበር የሚያናግረው።

አሁን ገንዘቡ። ከኮንዶሚኒየሙ እንጀምር። ካርታው በስምዎ መሆኑን እርሱት። አንቀጽ 63 በአንዱ ስም ቢመዘገብም ንብረት ሁሉ የጋራ ነው ብሎ ይነሳል። የግል ነው የሚል ያስረዳ። ዕጣው ከጋብቻ በፊት መውጣቱ ጥሩ መነሻ ነው፤ ምክንያቱም በጋብቻው ቀን የነበረዎት ንብረት የግልዎ ነው። ግን የ20/80 ቤት እንዴት እንደሚከፈል ያውቃሉ። 20 በመቶውን ቀድመው ከፈሉ፤ 80 በመቶው የባንክ ብድር ነው። ያንን ብድር 9 ዓመት የከፈሉት ከምን ነበር? ከደመወዝዎ። በትዳር ውስጥ ያለ ደመወዝ ደግሞ የጋራ ገንዘብ ነው። ስለዚህ ቤቱ የግልዎ ነው ቢባል እንኳ በጋራ ገንዘብ የተከፈለው ይሰላል፣ የባለቤትዎ ድርሻም ይታሰባል። እርስዎ ማቅረብ ያለብዎት ውሉ የተፈረመበትን ቀን፣ የቅድመ ክፍያውን ደረሰኝና የባንኩን የክፍያ ዝርዝር ነው። በአፍ «የእኔ ነው» ማለት አያዋጣም።

አንድ የማይታወቅ ነገር ልጨምር። ሰው የውርስ መሬቱን ሸጦ በትዳር ጊዜ መኪና ይገዛል። «በግል ገንዘቤ ስለገዛሁት የግሌ ነው» ይላል። ሕጉ ግን እንዲህ ያለው ንብረት የግል የሚሆነው ተጠይቆ ፍርድ ቤት የግል ነው ብሎ ሲወስን ነው ይላል። ዝም ያለ ሰው ማስረጃው ሳይጠፋበት አይቀርም።

«ሥራ የላትም» ያሉትን ቢተውት ደስ ይለኛል። 8 ዓመት ሁለት ልጅ ያሳደገችው ማን ሆና ነው? ለማንኛውም ሕጉ ማን ስንት አመጣ አይልም። የማንኛችሁም የሥራ ገቢ የጋራ ነው፤ ፍቺ ሲመጣ የጋራው እኩል ይካፈላል። አንቀጽ 90። በዚህ ላይ ጠበቃ ቀጥሮ የሚከራከር ባል ሳይ አዝናለሁ። «ጠበቃ መቅጠሪያ የላትም» ብለውም አይተማመኑ፤ የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርን የመሳሰሉ በነጻ የሚረዱ አሉ።

ዕቁቡስ? እንዳልኩት ገና ባልና ሚስት ናችሁ። ከደመወዝ እየከፈሉ የሚደርስዎት ዕቁብ የጋራ ነው። ከደረሰዎ ለምን እንዳዋሉት ጽፈው ይያዙ። ያልደረሰ ከሆነም እስካሁን የከፈሉትና ገና የሚከፍሉት ተለይቶ ይታወቅ።

የወንድምዎ ብድር ከባድ ነው። ለቤተሰቡ ጥቅም የወጣ ዕዳ የጋራ ነው፣ ከንብረት ክፍፍሉ በፊትም ይከፈላል። ግን ውል የለም። አበዳሪው ወንድምዎ ነው። የዕዳው ጉዳይ የሚነሳው ደግሞ ጠብ ከተነሳ በኋላ ነው። ዳኛው ፊት ምን እንደሚመስል አስቡት። ደግሞ ሕጉ ከ500 ብር በላይ ለመበደር የሁለቱን ተጋቢዎች ስምምነት ይጠይቃል። አዎ፣ 500 ብር! በ1992 የተጻፈ ቁጥር ነው። ብሩ በባንክ የገባ ከሆነና ለትምህርት ቤት ወይም ለቤት ዕድሳት እንደወጣ የሚያሳይ ደረሰኝ ካለ ያቅርቡ። ከሌለ ሌላውን ክርክርዎን እንዳያበላሽብዎት ይጠንቀቁ። አንዷን ነገር ያልታመነ ሰው ሌላውንም አይታመንም።

መኪናዋ ላይም ነገሩ ያው ነው። ስም የዞረበት ቀን ራሱ ይመሰክርብዎታል። አቤቱታ ከገባ በኋላ ለወንድም የተላለፈ መኪና! ያለ ባለቤትዎ ስምምነት የፈጸሙትን ውል፣ ባወቀች በ6 ወር ውስጥ፣ ውሉ ከተደረገ ደግሞ 2 ዓመት ሳይሞላው፣ እንዲፈርስ ልትጠይቅ ትችላለች። ወንድምዎም ፍርድ ቤት ይጎተታል። እሷ ቀድማ ካሰበችበት ደግሞ እግድ ታስወጣለች፣ መኪናዋም አትሸጥም፣ አትለወጥም። እነዚያ ጓደኞችዎ ቀጠሮ ቀን አብረዎት አይቆሙም።

ስለ ቤቱ አንድ ያላሰቡት ነገር አለ። አሁን ቤቱ ውስጥ ያሉት እርስዎ ነዎት፤ ልጆቹ አያታቸው ጋ ናቸው። ማን ቤቱን ለቆ ይውጣ የሚለውን ፍርድ ቤቱ ሲወስን በተለይ የልጆቹን ጥቅም እንዲያይ ሕጉ ያዛል። ስለዚህ ልጆቹና እናታቸው ይመለሱ፣ እርስዎ ለጊዜው ይውጡ ሊባል ይችላል። ይህ ባለቤትነትን አይነካም። ግን ሲሰሙት እንዳይደነግጡ አስቀድሜ ነገርኩዎት።

በመጨረሻ ቤቱ ለሁለት አይቆረጥም። ወይ አንዳችሁ ትወስዱትና ለሌላው ድርሻውን በገንዘብ ትከፍላላችሁ፣ ወይ በሐራጅ ይሸጣል። ሐራጅን ከቻሉ ይሽሹ። በስምምነት ከሚገኘው ዋጋ አንሶ ሲሸጥ፣ ሁለቱም ወገን ከስሮ ሲወጣ ብዙ አይቻለሁ። በባለሙያ ግምት ተስማምቶ፣ የቀረውን የባንክ ዕዳ ቀንሶ፣ ድርሻን በጊዜ ገደብ መክፈል ይሻላል። ፍርድ ቤቱ የሚያስማሙ ሰዎችም ስላሉት፣ ለንብረቱ ክፍል ያንን መንገድ ይጠይቁ። ሽማግሌዎቹንም ለዚህ ይጠቀሙባቸው፤ ልጆቹን ከወረቀቱ ላይ ያውጡና ስለ ቤቱ ብቻ ያነጋግሯችሁ።

ለ3 ሳምንቱ ቀጠሮ የደመወዝ ማስረጃ፣ የትምህርት ቤት ክፍያ ደረሰኝ፣ የኮንዶሚኒየሙን ውልና የባንክ ዝርዝር፣ እስካሁን የላኩትን የቴሌብር መልእክቶች ይያዙ። ቀለብ ሲወሰን የልጆቹ ፍላጎትና የእርስዎ አቅም ነው የሚመዘነው፤ የታወቀ መቶኛ የለውም። 12,000 ብር መላክዎ በራሱ ለእርስዎ ጥሩ ማስረጃ ነው። ያቆሙበት 2 ወር ግን ቀዳዳ ነው፤ ዛሬ ይድፈኑት።

24,000 ብሩን ሲልኩ ምክንያቱ ላይ «የልጆች ወጪ» ብለው ይጻፉ። ከዚያ አንድ አጭር መልእክት ይላኩላት። ዳኛ እንደሚያነበው አስበው ይጻፉት። ስድብ የለ፣ ወቀሳ የለ፣ ስለ ቤቱ አንድ ቃል የለ። «የ2 ወር የልጆቹን ልኬያለሁ። ቅዳሜ 3 ሰዓት መጥቼ ልውሰዳቸው? እሁድ 11 ሰዓት እመልሳቸዋለሁ።» ይኸው ነው። እምቢ ካለችም መልእክቱን አያጥፉት።